የግራ ፓራፋንጎ

ጅማ ላይ የመኪና አካል የሚታደሰው ቡና ሲሸጥ ነበር። ገበሬው ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩን ቡና ለቅሞና አድርቆ፣ ነጋዴው ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ ከጫነ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃና ከጌራ በኩል የተጎዱ መኪኖች እየተንቀጫቀጩ ይመጣሉ። በሩ በገመድ የታሰረ ላንድሮቨር፣ አንድ መብራቱ የጠፋ ፔጆ፣ የራሱን ፓራውልት ከኋላው ጭኖ የመጣ ፒክአፕ። ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ «ቡናው ይድረስና» እያለ ሲነዳው የከረመ ነው። ክረምት ላይ ጋራዡ ጭር ይላል፤ ሠራተኛው ካርታ ይጫወታል ወይም በመንገድ የሚያልፈውን መኪና የሞተር ድምፅ ያማል።

እኔ ያን ጋራዥ የማውቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት አጎቴ ቀለም ወደሚረጭበት ግቢ እሄዳለሁ። ከአዌቱ ወንዝ ብዙ የማይርቅ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሬቱ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ግቢ ነው። ባለቤቱን ከትልቅ እስከ ትንሽ «አለቃ» ይላቸዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ጅማ ያመጣቸው ትዳር ነው ይባላል። ላሜራ ላይ እጃቸው የተመሰከረለት ነበር። እኔን የማረከኝ ግን በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ዳስ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ነው። ፋይበር።

ጅማ ፋይበር የፈለገችው ጌጥ አምሯት አይደለም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድበት አገር ላሜራ ዕድሜ የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚርቀው መንገድ በጊቤ በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ከጅማ ወዲያ ያለው ደግሞ በዚያን ጊዜ ጠጠርና ጭቃ ነበር። ጭቃው ከጎማው እየተፈናጠረ ጎማውን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ውስጥ ይለጠፍና ሳይደርቅ ከግንቦት እስከ መስከረም ይከርማል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ባለቤቱ የሚያየው ቀለሙ ሲያብጥ ነው፤ ያኔ ላሜራው በጣት ይበሳል። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ከዚህ ዕዳ ነጻ ነው። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት ቢቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሉሚኒየም ሠርተውት ነው ለእኛ የተረፈን። ሲቀደድ ግን በእኛ ሰፈር የኤሌክትሮድ ብየዳ አይያያዝም። ስለዚህ እሱም ዞሮ ዞሮ አለቃ ዳስ ይገባል።

ፋይበር ግላስ ብዙ ሰው ፕላስቲክ ይመስለዋል። የመስታወት ክር ነው፤ ተቆራርጦ በስስ ምንጣፍ መልክ ይመጣል። በዚያ ላይ ሬዚን የሚባለው ወፍራም ፈሳሽ በብሩሽ እየተቀባ፣ አየሩ እየተጨቆነ እንዲወጣ ይደረጋል። ሬዚኑ ማጠንከሪያ ካልተጨመረበት እንዳለ ይቆያል። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ማጠንከሪያ ሲገባበት ራሱን እያሞቀ ይረጋና ድንጋይ ይሆናል። ማጠንከሪያው ሲበዛ ቶሎ ግሎ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ለሳምንት ይጣበቃል። አለቃ የሚለኩት በለስላሳ ቆርኪ ነበር። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ አንድ ዓይነት ልክ፣ ቀትር ላይ ሌላ። ዝናብ ካለ ጭራሽ አይነኩትም፤ እርጥበት የጠጣ ምንጣፍ ነጭ ነጭ እያለ ከሬዚኑ ይለያያል። የቸኮለ ደንበኛ ከመጣ ፋይበሩ ከሚለበጥበት ቅርጽ ማውጫ፣ ከፎርማው ሥር ትልቅ አምፖል አንጠልጥለው ያሞቁታል። ከሰል የሚያስጠጋ ረዳት ካገኙ ግን በዚያው ቀን ያሰናብቱታል፤ የሬዚኑ ትነት እሳት ፈላጊ ነው። ማጠንከሪያውንና ማፍጠኛውን ኮባልት በአንድ መደርደሪያ አያስቀምጡም ነበር። ሁለቱ ያለ ሬዚን በቀጥታ ከተገናኙ እሳት ያስነሳሉ። ይህን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደተማሩት ስጠይቃቸው «ቅንድቤን ጠይቀው» አሉኝ።

የመስታወቱ ብናኝ ማሳከኩን የቀመሰው ያውቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚነሳው አቧራ በክንድና በአንገት ይገባና ማታ እንቅልፍ ይነሳል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መለቃለቅ ነው መድኃኒቱ፤ በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። እናቴ የእኔን ሸሚዝ ከቤተሰቡ ልብስ ለይታ ነበር የምታጥበው።

ከእነዚያ ጠዋቶች ከሁሉም በላይ የምትታወሰኝ የመምህሩ ቮልስ ናት። ሰውየው የእርሻ ኮሌጁ አስተማሪ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በትምህርት ቤትነት የተከፈተው፣ ኋላ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። መኪናቸው እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት፣ ሰማያዊ፣ መቀመጫዋ በመንደር ሰፊ የተሰፋ። አሰንዳቦ አካባቢ መንገድ ሲሻገር ከነበረ በሬ ጋር ተጋጩ። በሬው ተነስቶ ሄደ። የቮልሷ የግራ ፊት ፓራፋንጎ ከነመብራቱ ተጨማደደ፤ ቀድሞም ዝገት የጨረሰው ስለነበር በመዶሻ የሚመለስ ነገር አልተገኘም።

ቮልስ ለእንዲህ ዓይነት ችግር የምትመች መኪና ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ ከአካሏ ጋር የተያያዙት በብሎን ብቻ ነው፤ በመሃል ጎሚኒ ይገባል፣ ከታች ከመርገጫው ጋር ይታሰራል። አንዱን ፈቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። መምህሩም አዲስ አበባ ለሚኖር የወንድማቸው ልጅ ላኩበትና በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አዲስ የፋይበር ፓራፋንጎ መጣ። የግራ። የፊት። የቮልስ።

አለቃ ከረጢቱን ፈተው በርጩማ ላይ አቆሙት፣ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ በጣታቸው አንኳኩት።

«መምህር፣ ዕቃው ሸጋ ነው። የእርስዎ መኪና ግን አይደለም።»

«ቮልስ ቮልስ ነው ብሎኝ ነው ልጁ።»

«ልጁ ያየው ፎቶዋን ይሆናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አጋማሽ ድረስ ለአውሮፓ ሲያወጣት የቮልስ የፊት መብራት ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ መብራቱን ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ፓራውልቱንም ከፍ አደረገው። የብሎኖቹ ቦታ ብዙም ስላልተለወጠ አዲሱ ፓራፋንጎ አሮጌዋ ላይ ይታሰራል። ሲታሰር ግን አንዱ መብራቷ ሰማይ ሰማይ፣ ሌላው ፊት ለፊት ያያል፤ የፓራውልቱ መያዣ ብረት የሚያልፍበት ቀዳዳም የማይሆን ቦታ ላይ ይገኛል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና «እንዳለ ብንገጥመውስ?» አሉ። አለቃ መልስ አልሰጡም። አጎቴ ነው ከጥግ ሆኖ «ተማሪ ይስቅብዎታል» ያላቸው። ያ ብቻ በቃ።

ከረዳቶቹ አንዱ፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ልጅ፣ ጥሩ ሐሳብ የመጣለት መስሎት «የቀኙ ደህና ነው አይደል? ከእሱ ፎርማ አውጥተን እንሥራው» አለ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። «ቀኝ ታወጣለሃ!» አሉት አለቃ። ፎርማ የሚሰጥህ የተነሳበትን ዕቃ ነው፤ ከቀኝ ፓራፋንጎ ስንት ፎርማ ቢወጣ የሚወለደው ቀኝ ነው። ግራ ከፈለግህ መላ መምታት አለብህ። የአለቃ መላ ካርቶን ነበር። የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠው የደህናውን ቀኝ ፓራፋንጎ ጉብታ ከላይ፣ ከመሃልና ከመብራቱ ሥር በልኩ አወጡ። ከዚያ ካርቶኖቹን ገለበጧቸው። የተገለበጠ ካርቶን ግራ ይሆናል።

አዲሱን ፓራፋንጎ በሁለት ብሎን ብቻ ለጊዜው መኪናዋ ላይ ሰቀሉት። ይህን ነገር ከእሳቸው በኋላ በብዙ ጋራዥ አላየሁትም። ብዙ ባለሙያ የፋይበር ዕቃን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ያምርለታል፤ ከዚያ መኪናው ላይ ሲወስደው አይገጥምም። አለቃ እንደሚሉት፣ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከወንድሞቹ ጋር አንድ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ጊቤን ሲወርድና ሲወጣ ከኖረ በኋላ ግን ብቻውን ነው። የመምህሩ ቮልስ ፓራፋንጎው የሚያርፍበት የአካሏ ጠርዝ በበሬው ምክንያት ወደ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊትም አንድ ሰው በሌላ ግጭት አቃንቶታል፤ ያቃናውም በደንብ አላቃናውም። ፓራፋንጎው ቢሰቀል ከላይ ነክቶ ከመሃል አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። መዶሻ ይዞ ጠርዙን መደብደብ ይቻል ነበር። የዛገ ላሜራ በተመታ ቁጥር ስለሚቀደድ አለቃ አልፈቀዱም። ዕቃው ወደ መኪናዋ ይምጣ አሉ።

መጀመሪያ የመብራቱ ዓይን ተቆረጠ። በሴጌቶ ምላጭ ብቻ፣ ውሃ እየተረጨበት። ፋይበር ሲቆረጥ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ዓይኑ ሲወጣ ጎድጓዳ ባዶ ቀረ፤ መምህሩ በዚያ ሰዓት መጥተው አይተው ምንም ሳይናገሩ ወደ ቡና ቤት ሄዱ።

ከዚያ የመብራቱን ቀለበት መሥራት። የቀኙ ደህና ስለነበር ከእሱ ላይ በጀሶ ፎርማ ተነሳ፤ መብራቱ ክብ ስለሆነ ግራና ቀኝ አይለይም። ችግሩ ጋደል ካለው ቀለበት ወደ ፓራፋንጎው ጉብታ የሚያወርደው ትከሻ ነው። እሱ ግራ ነው፣ ፎርማ የለውም፣ ካርቶኑ የሚነግረው በሦስት ቦታ ብቻ ነው። አለቃ ጎረቤታቸውን በርጩማ ጠራቢውን አስጠሩ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ባለ ሦስት እግር ነው፤ ጠራቢው መቀመጫውን ጎድጎድ አድርጎ ማውጣት ያውቅበታል። ፎርማውም የሚፈለገው ጎድጓዳ ነበር፤ ከፓራፋንጎው ውጪ በኩል ተደግፎ ፋይበሩ ከውስጥ እንዲለበጥበት። ሰውየው የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ ይዞ መጣ፣ የተገለበጡትን ካርቶኖች አየ፣ ቀኙን ፓራፋንጎ በመዳፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ዳበሰው። ከዚያ ካርቶኑን አስቀምጦ መሮውን አነሳ። ሲጨርስ ካርቶኖቹ በሦስቱም ቦታ ገጠሙ። እንዴት አድርጎ በአእምሮው እንደገለበጠው እስካሁን አይገባኝም። ዋጋው የአንድ በርጩማ ነበር።

እንጨቱ ተፈገፈገ፣ ቀለም ጠጣ፣ ሰም በላይ በላዩ ተቀባ። ሰም ካልተቀባ ሬዚኑ ፎርማውን አይለቅም፤ ቀለም ያልጠጣ እንጨት ደግሞ በእርጥበቱ ሬዚኑን ያበላሻል። የሚጋጠሙትን ጠርዞች አለቃ ከውስጥ በኩል ጣት የሚያህል ስፋት እያሳሱ ሞረዷቸው፤ ጫፉ ወረቀት እስኪሆን። ሁለት የፋይበር ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ላዩን መሸፈን ስንጥቅን መጥራት ነው። ቀጠናቸው ቀስ እያለ የሚሳሳ ከሆነ ግን አዲሱ ንብርብር ሰፊ መያዣ ያገኛል። አሮጌው ፋይበር በሸካራ ወረቀት እስኪቆስል መፈግፈግ አለበት፤ የሚያብለጨልጭ ፊት ላይ ሬዚን አይነክስም። ከዚያ በአሴቶን ተጠርጎ፣ ምንጣፉ በእጅ እየተቀደደ ይለበጣል። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዙ መስመር ይሠራል፣ በእጅ የተቀደደ ክሩ እየተበተነ ይዋሃዳል። ትንሽ የሚመስሉ እነዚህን ነገሮች ማን እንዳስተማራቸው አይናገሩም፤ ከውሃ ታንከር ሠሪ ነው የተማሩት የሚል ወሬ ነበር።

የአካሏ ጠርዝ ላይ የቀረውን ክፍተት የዘጉበት መንገድ እስከ ዛሬ የማደንቀው ነው። መኪናዋን ራሷን ፎርማ አደረጓት። የተጎዳውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፈኑ፣ በሰም ለበጡ፣ ፓራፋንጎውን በቦታው አስረው ከኋላው በኩል በክፍተቱ ውስጥ እርጥቡን ፋይበር እያስገቡ ከጠርዙ ጋር አስተኙት። ሲደርቅ አዲሱ ከንፈር የበሬውን ጠባሳም፣ የቀድሞውን ቀጥቃጭ ስህተትም አንድ በአንድ ይዞ ወጣ። ያ ፓራፋንጎ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ከዚያች ቮልስ በቀር የትም አይገጥምም።

ፋይበር ከመድረቁ በፊት የሚገኝ አንድ ሰዓት አለ፤ ረግቷል፣ ግን ገና ቆዳ ነው። ያኔ ትርፉ በስለት ይቆረጣል። ያቺ ሰዓት ካለፈች የቀረው የሴጌቶ ሥራና ማሳከክ ነው። አለቃ ጥፍራቸውን ጫፉ ላይ ጫን አድርገው ይሞክራሉ፤ ምልክቱ ሲቀርና ጥፍሩ ሳይጣበቅ «አሁን» ይላሉ፤ ሁላችንም ያለነውን ጥለን እንሮጣለን።

የብሎን ቀዳዳዎቹን ሰፋ አድርገው፣ ወደ ጎን ረዘም አድርገው በሱ፤ በትራፓኖ በቀስታ፣ ከጀርባው እንጨት ደግፈው። ፋይበር ብረት አይደለም፤ ብሎን አጥብቀህ ስትስበው መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሰፊ ሮንዴላ ከሁለቱም በኩል ይገባል፣ ሁሉም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዛሉ፣ ከዚያ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ይጠብቃሉ። የተተወው የፓራውልት ቀዳዳ ተደፈነ፣ አዲሱ ዝቅ ብሎ ተከፈተ። አጎቴ ቀለሙን ሊያመሳስል ሦስቱን አሮጌ ፓራፋንጎዎች እያየ ሰማያዊውን በነጭና በትንሽ ቢጫ ሲያጠፋ ዋለ። ፀሐይ ያጠፋውን ቀለም ከአዲስ ቆርቆሮ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

«ለፋሲካ ይደርሳል?» ብለው ነበር መምህሩ ሲያስገቧት። «ለየትኛው ፋሲካ?» ብለው ነበር አለቃ። ለዳግማይ ትንሣኤ ደረሰች።

እዚህ ላይ ስለ ስቱኮ የያዝኩትን ቂም ልናገር። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ በስቱኮ የሚገላገሉ ነበሩ። ክፍተቱን በስቱኮ ይደፍናሉ፣ ያልገጠመውን ትከሻ በስቱኮ ይቀርጻሉ፣ ቀለም ያለብሱታል። ከግቢው ሲወጣ ከአለቃ ሥራ ይልቅ ያምራል። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እንደ ድርቆሽ ይፍረከረካል። ስቱኮ ለፀጉር ያህል ውፍረት የተፈጠረ ነገር ነው፤ ለአካል ግንባታ አይደለም። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚያየው ስለሆነ ግን ገበያው ወደ እነሱ ያደላ ነበር። አለቃ ከውስጥ በኩል ያለውን ሥራቸውን ለማሳየት ደንበኛን ጎንበስ በል ብለው ፓራፋንጎ ሥር የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ብዙ ነጋዴ ነጭ ጋቢውን ላለማቆሸሽ «አምኛለሁ አለቃ» ብሎ ይሸሻል።

ሌላው ዓለም ወደ ፋይበር የመጣበት ምክንያት ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ይገርመኛል። ላሜራን በፕሬስ ቅርጽ ማስያዝ እጅግ ውድ የሆነ የብረት ቅርጽ ማውጫ ይጠይቃል፤ ብዙ ሺህ መኪና ካልተሠራ ወጪውን አይመልስም። ጥቂት መኪና የሚሠራ ሰው ፋይበር ይመርጣል። አሜሪካኖች የመጀመሪያዋን ኮርቬት እ.ኤ.አ. በ1953 በፋይበር ሲያወጡ በዚያ ዓመት የሠሩት 300 ብቻ ነበር። ቱርኮችም እ.ኤ.አ. በ1966 አናዶል የምትባል የፋይበር መኪና ማምረት ጀመሩ፤ በሬ በላት እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ይህን ቀልድ ካደግሁ በኋላ ሳነብ የአሰንዳቦው በሬ ነው ትዝ ያለኝ። የእኛ በሬ ላሜራ መረጠ። እንግዲህ ሦስት መቶ ትንሽ ቁጥር ከሆነ የአለቃ ቁጥር አንድ ነበር። ሁልጊዜ አንድ።

ከአጋሮ የመጡትን ሐጂ መኪናም ላንሳ፤ ሥራው ሌላ ዓይነት ስለነበር። ቶዮታ ኤፍ ጄ 40 ነበረቻቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተችው አጭሯ ላንድክሩዘር። ነጩ ጣሪያዋ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ፋይበር ነው። ሐጂ በዚያ ጣሪያ ላይ ፖርቶ መጋላ አሰርተው ቡና በጆንያ ይጭኑበታል፤ ጣሪያው መሃሉ ሰርጉዶ በዝናብ ጊዜ ኩሬ ይሠራል።

«ያው እንደ ድሮው አድርጉልኝ» አሉ ሐጂ።

«እንደ ድሮው ካደረግሁት ዘንድሮም ይሰረጉዳል፤ ወይ ጭነቱን ይቀንሱ።»

«ወላሂ አለቃ፣ ጭነቱን ከቀነስኩማ መኪናዋን ለምን አሳድሳታለሁ?»

አለቃ ጣሪያውን አውርደው ገለበጡት፤ የሰረጎደውን በአምፖል አሙቀው፣ ከሥሩ በእንጨት ደግፈው፣ ሌሊቱን በድንጋይ ተጭኖ እንዲያድር አደረጉ። ፋይበር ሲሞቅ ትንሽ ይታዘዛል። ከዚያ ለሁለት የተሰነጠቀ ከማሻ በኩል የመጣ ቀርከሃ በውስጥ በኩል ከጎን ወደ ጎን እየደረደሩ በላዩ ፋይበር ለበጡበት። ቀርከሃው ጉልበቱ አይደለም የተፈለገው፤ ቅስቱ ነው። በቅስቱ ላይ የደረቀው ፋይበር ራሱ አጥንት ይሆናል፤ ቀርከሃው ውስጥ ቢበሰብስም ግድ የለም። ጣሪያው ከፍ ስላለ የበሩ ጎሚኒ አልደርስ ብሎ ሌላ ሥራ አመጣ። ለዚያም ጠርዙ መኪናዋ ላይ እንዳለች በሰምና በፕላስተር ተሠራ። ሐጂ ሊረከቡ ሲመጡ ጫማቸውን አውልቀው ጣሪያው ላይ ወጡና መሃሉ ላይ ቆሙ። ሒሳቡን የከፈሉት እዚያው እንደቆሙ ነው፤ ወደ ታች ብር እየቆጠሩ።

አለቃ አርፈዋል። ግቢው ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል። ያ «ከቀኙ ፎርማ እናውጣ» ያለው ልጅ ግን የራሱ ጋራዥ አለው፤ ስሄድ እሱ ጋ ሳልቀመጥ አልመለስም። በሩ ላይ ባጃጆች ይሰለፋሉ፣ ሥራው ግን በአብዛኛው የቪትዝ ፓራውልት ነው። የአሁኑ ፓራውልት ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ ሬዚን አይይዝበትም፤ በፋይበር የለጠፉለት ሰዎች ዕቃ እንደ ቅርፊት ተልጦ ይመጣለታል። እሱ በሚግል ብረት ያቀልጠዋል፣ ሽቦ ይቀብርበታል፣ ይሰፋዋል። ካልዳነ አሮጌውን ፎርማ አድርጎ አዲስ በፋይበር ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ ካደረገው ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ማቆየት ለሰው ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ሥራ አልጠፋም። ባለፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አዲሱን የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ጎኗን ፍቆ አመጣለት። ዞሯት፣ ዳበሳት፣ «ይቺን አልነካም» ብሎ መለሰው። የፈራው ባትሪውን ነው ወይስ ዋጋውን አልጠየቅሁትም።

አብሬው በተቀመጥኩበት ስልኩ ጮኸ። ደንበኛ ነው፤ ከሊሙ ገነት። የተሰበረ ፓራፋንጎ ፎቶ ልኮለታል፣ ዋጋ ይፈልጋል።

«የየትኛው ጎን ነው?»

«የግራው።»

«ፊት ለፊቷ ቆመህ ነው ግራ የምትለኝ ወይስ ውስጥ ተቀምጠህ?»

ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ከዚያ የሚከራከሩ ሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ይላል።

«በቃ ገብተህ መሪውን ያዝና በየትኛው እጅህ በኩል እንደሆነ ንገረኝ» አለው።

ቁልፉን ወንድሙ ይዞት አጋሮ ሄዷል። ማታ እደውላለሁ አለ።